ክብደት ለመቀነስ የሚረዳ አመጋገብ እንዴት ይመረጣል?

ክብደት ለመቀነስ የሚረዳ አመጋገብ ሲባል አንድ ሰው ምን፣ ምን ያህል፣ መቼና እንዴት ተዘጋጅቶ እንደሚበላ የሚወስንና ለዓመታት ሊያዝ የሚችል ሥርዓት ማለት ነው። የሚሠራበት መንገድ አንድ ነው። ሰውነት ከምግብ የሚያገኘውን ኃይል ለልብ ምት፣ ለመተንፈስ፣ ለአንጎል ሥራ፣ ሙቀቱን ለመጠበቅና ለመንቀሳቀስ ይጠቀምበታል፤ የተረፈውን ደግሞ በአብዛኛው ስብ አድርጎ ያስቀምጠዋል። የሚገባው ኃይል ከሚወጣው ሲያንስ የተከማቸው ስብ መቃጠል ይጀምራል፣ ክብደትም ይወርዳል። ይህ ኃይል የሚለካው በካሎሪ ነው። አንድ ግራም ስብ ወይም ዘይት 9 ካሎሪ፣ አንድ ግራም ፕሮቲን 4፣ አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት ማለትም የእህልና የስኳር ወገን 4፣ አንድ ግራም አልኮል 7 ካሎሪ ይሰጣል። ወጥ ሲሠራም ሆነ ሻይ ሲጣፍጥ እነዚህን አራት ቁጥሮች የያዘ ሰው ብዙ ነገር በራሱ ማስላት ይችላል።

በዓለም ላይ ስማቸው የገነነ አመጋገቦች ብዙ ናቸው። አንዱ ዳቦ፣ ሩዝና ድንች ቀርተው ሥጋና ቅባት እንዲበዛ ይመክራል፤ ሌላው ቅባትን ይከለክላል፤ ሦስተኛው የሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ ሕዝቦችን ገበታ ይከተላል፤ አራተኛው የሚበላበትን ሰዓት ይገድባል። የትኛው ይበልጣል የሚለው ክርክር በተደጋጋሚ በጥናት ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ ቦስተን ከተማ 160 ሰዎች አራት ስመ ጥር አመጋገቦች ተከፋፍለው እየተከተሉ ለአንድ ዓመት ተጠኑ። በ2009 ይፋ የሆነ ሌላ ጥናት 811 ሰዎችን የስብ፣ የፕሮቲንና የካርቦሃይድሬት ድርሻቸው በተለያየ አራት አመጋገቦች መድቦ ለሁለት ዓመት ተከታተላቸው። በ2018 ደግሞ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ክሪስቶፈር ጋርድነርና ባልደረቦቹ 609 ሰዎችን ለሁለት ከፍለው ግማሾቹ ስብ፣ ግማሾቹ ካርቦሃይድሬት እንዲቀንሱ አደረጉ። ከ12 ወራት በኋላ ስብ የቀነሱት በአማካይ 5.3 ኪሎ፣ ካርቦሃይድሬት የቀነሱት 6 ኪሎ ወርደው ተገኙ። በስታቲስቲክስ ሚዛን ሲታይ ይህ ልዩነት አንዱን ከሌላው የሚያስበልጥ አይደለም።

ከእነዚህ ጥናቶች ጎልቶ የወጣው ሌላ ነገር ነው። በአንድ ቡድን ውስጥ ባሉ ሰዎች መካከል የታየው ልዩነት በቡድኖቹ መካከል ከታየው እጅግ ይበልጣል፤ ያንኑ አመጋገብ ይዘው አንዱ ከ20 ኪሎ በላይ ሲቀንስ ሌላው ጭራሽ ጨምሮ ተገኝቷል። የቦስተኑ ጥናት ምክንያቱን ጠቁሟል፦ የተመደበለትን አመጋገብ አጥብቆ የያዘ ሰው፣ አመጋገቡ የትኛውም ይሁን፣ የበለጠ ክብደት ቀንሷል። እንግዲህ ለምርጫው ዋናው መመዘኛ ዘላቂነት ነው። አንድ አመጋገብ በመጀመሪያው ወር ምን ያህል አከሳ የሚለው ብዙም አይጠቅምም፤ በዓመቱም በዚያው ሰው ገበታ ላይ ይገኛል ወይ የሚለው ነው የሚያስፈልገው። በዚህ መመዘኛ ሲታይ ለኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ከባዕድ አገር መጽሐፍ የተቀዳ፣ በሳልመን ዓሣና በብሮኮሊ የተሞላ ዝርዝር ይዞ ከመቸገር ይልቅ በእንጀራው፣ በሽሮውና በጎመኑ ላይ የተመሠረተ ሥርዓት መምረጥ ብልህነት ነው።

ከምርጫው በፊት ግን ክብደት መቀነስ ያስፈልጋል ወይ የሚለው መታወቅ አለበት። ለዚህ በሰፊው የሚያገለግለው የክብደትና የቁመት ምጣኔ ነው። ሐሳቡን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያመነጨው ቤልጂየማዊው የሒሳብ ሊቅ አዶልፍ ኬትሌ ነው። አሠራሩ በኪሎ የተመዘነውን ክብደት በሜትር ለተለካው ቁመት ካሬ ማካፈል ነው። ቁመቷ 1 ሜትር ከ65፣ ክብደቷ 82 ኪሎ የሆነች ሴት 1.65ን በ1.65 ስታባዛ 2.72 ገደማ ታገኛለች፤ 82 ለዚህ ሲካፈል 30 ይመጣል። በዓለም ጤና ድርጅት አከፋፈል ከ18.5 እስከ 24.9 ያለው ደኅና፣ ከ25 እስከ 29.9 ከመጠን ያለፈ ክብደት፣ 30ና ከዚያ በላይ ደግሞ ከልክ ያለፈ ውፍረት ነው። ምጣኔው ጡንቻን ከስብ አይለይም፤ ስለዚህ የወገብ ዙሪያም በሜትር ይለካል። ለወንድ ከ94፣ ለሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር በላይ መሆኑ የስኳርና የልብ ሕመም ስጋት መጨመሩን ያመለክታል፤ ከ102ና ከ88 ሲያልፍ ስጋቱ ይከብዳል። ሆድ ዕቃን ከብቦ የሚከማች ስብ ከጭንና ከዳሌ ስብ ይልቅ ለጤና ጠንቅ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ባህላዊ እንቅፋት አለ። ከጉዞ ወይም ከወሊድ የተመለሰ ሰው "ወፈር አልክ፣ ተመችቶሃል" ተብሎ በሚመሰገንበትና የከሳ ሰው "ምን ነካህ፣ አሞሃል እንዴ?" ተብሎ በሚጠየቅበት ማኅበረሰብ፣ ክብደት ለመቀነስ የተነሣ ሰው ከራሱ ዘመዶች ጋር ይጋጫል። ረኃብን የሚያውቅ ሕዝብ ውፍረትን የጥጋብና የጤና ምልክት አድርጎ ማየቱ የሚገርም አይደለም። ዛሬ በከተሞች ግን ደም ግፊትና ስኳር በየቤቱ የሚነገር ሆኗል፤ ቤተሰቡ ነገሩን ቀድሞ ቢያውቀው የሚሞክረው ሰው ብቻውን አይታገልም።

ግቡ የወጣትነት ቁመና መልሶ ማግኘት መሆን የለበትም። ከመነሻው ክብደት ከ5 እስከ 10 በመቶ መቀነስ ብቻውን የደም ግፊትን፣ በደም ውስጥ ያለ ስኳርንና ቅባትን ያሻሽላል። 90 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ ከ4.5 እስከ 9 ኪሎ ነው። በአሜሪካ 3,234 ለስኳር ሕመም የተቃረቡ ሰዎች የተሳተፉበትና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ታላቅ ጥናት ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ከክብደታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ የታገዙት ሰዎች በስኳር ሕመም የመያዝ ዕድላቸው ምንም ልዩ እርዳታ ካልተደረገላቸው በ58 በመቶ አነሰ፤ ሜትፎርሚን የተባለውን መድኃኒት የወሰዱት ሰዎች ዕድል ግን ያነሰው በ31 በመቶ ነበር። ጥቂት ኪሎ ከመድኃኒት በላይ ሠራ ማለት ነው።

ፍጥነቱም ልክ አለው። በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ መውረድ ለአብዛኛው ሰው ደኅና ነው፤ ግማሽ ኪሎውን ለማግኘት ቀድሞ ይበላ ከነበረው በቀን 500 ካሎሪ ያህል መቀነስ ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት አራት ኪሎ ቢወርድ የሄደው በአብዛኛው ውኃ ነው። ሰውነት በጉበትና በጡንቻ ያስቀመጠው የካርቦሃይድሬት ስንቅ ውኃ አብሮ ይይዛል፤ ስንቁ ሲያልቅ ውኃው አብሮት ይወጣል፣ ምግብ ሲመለስ ደግሞ ይመለሳል። በቀን ከ800 ካሎሪ በታች የሆነ አመጋገብ ያለ ሐኪም ክትትል አይሞከርም፤ ጡንቻን ያሳሳል፣ የሐሞት ጠጠር ያመጣል፣ ያደክማል።

ራስን ማስራብ ለምን እንደማይዘልቅ የሚያሳይ አንድ ታሪካዊ ሙከራ አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ በ1944 እና 1945፣ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሰል ኪይስ የተባለ ተመራማሪ 36 ጤነኛ ወንድ ፈቃደኞችን ለ24 ሳምንታት ምግባቸውን በጣም አሳንሶ አቆያቸው። ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ። ከመክሳታቸው ይልቅ የሚያስደነግጠው ሌላው ለውጣቸው ነበር፦ ሐሳባቸው ሁሉ ምግብ ሆነ፣ ይበርዳቸው ጀመር፣ ይበሳጩና ይተክዙ ነበር፤ እገዳው ሲነሣ ደግሞ ብዙዎቹ ቢበሉ ቢበሉ አልጠግብ አሉ። በ2016 የታተመ ሌላ ጥናት በአሜሪካ የቴሌቪዥን ውድድር በጥቂት ወራት ከባድ ክብደት የቀነሱ 14 ሰዎችን ከስድስት ዓመት በኋላ ሲመረምር፣ አብዛኞቹ መልሰው ወፍረው፣ ሰውነታቸው ግን በዕረፍት ጊዜ የሚያቃጥለው ኃይል በዚያ ክብደት ላይ ካለ ሰው ከሚጠበቀው በቀን 500 ካሎሪ ያህል አንሶ ተገኝቷል። ሰውነት ረኃብ የመጣ ሲመስለው ቆጣቢ ይሆናል። ስለዚህ "ቀጥ ብዬ ምግብ አቆማለሁ" የሚል ውሳኔ ፈቃደ ብርቱውን ሰው እንኳ ያሸንፈዋል፤ በዚህ የተሸነፈ ሰውም በስንፍና ሊወቀስ አይገባም።

ከገበያ የሚቀርቡትን ማስታወቂያዎች ለመመዘን ይህን ማወቅ ይበቃል። በሳምንት 7 ወይም 10 ኪሎ እቀንሳለሁ የሚል፣ የሆድን ስብ ብቻ ለይቶ አቀልጣለሁ የሚል፣ ከአመጋገቡ ጋር ዱቄት ወይም ክኒን የሚሸጥ፣ አንድን የምግብ ወገን ያለ ሕክምና ምክንያት ጨርሶ የሚከለክል ምክር ሁሉ ይጠረጠር። በባዶ ሆድ የሚጠጣ ሎሚ በሙቅ ውኃ፣ ዝንጅብል፣ የአፕል ኮምጣጤ ወይም ሞሪንጋ የተከማቸ ስብ አያቀልጥም። አንዳንዱ "ማክሻ ሻይ" የሚያስቀምጥ ቅጠል አለበት፤ ሚዛኑ የሚወርደው ከሰውነት ውኃና ጨው ስለወጣ ነው፤ ሲደጋገም አንጀትንና ኩላሊትን ይጎዳል።

ወደ ገበታው ሲገባ በመጀመሪያ የሚከሰሰው እንጀራ ነው፤ ክሱ ግን ያለ ቦታው ነው። ከእንጀራ ክብደት ከግማሽ በላዩ ውኃ ሲሆን፣ የጤፍ እንጀራ አሰር፣ ብረትና መጠነኛ ፕሮቲን አለው፤ ሙሉው ፍሬ ስለሚፈጭ ከነጭ ዳቦና ከነጭ ሩዝ ይሻላል። ጥያቄው መጠኑ ላይ ነው። በትሪ አብሮ ሲበላ ማን ምን ያህል እንደበላ አይታወቅም፤ ወጡ ሲያልቅ እንጀራ ይጨመራል፣ እንጀራው ሲተርፍ ወጥ ይጨለፋል። ቀላሉ መፍትሔ የራስን ድርሻ ከመጀመሪያው ለይቶ ማስቀመጥ ነው፤ ለምሳሌ ቀድሞ ሙሉ እንጀራ የሚበላ ሰው ግማሹን ወይም ከግማሽ ትንሽ አብለጥ አድርጎ ይወስድና የቀረውን ቦታ በጎመን፣ በፎሶሊያ፣ በቆስጣ፣ በዱባ ወይም በሰላጣ ይሞላዋል። ከገበታው ግማሹ አትክልት፣ ሩቡ ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ እንቁላል፣ ዓሣ ወይም ጮማ ያልሆነ ሥጋ፣ ሩቡ እንጀራ ወይም ሌላ እህል ቢሆን ካሎሪ መቁጠር ብዙም አያስፈልግም።

ብዙ ካሎሪ ተደብቆ የሚገባው በዘይትና በቅቤ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል አለው። 70 ሚሊ ሊትር የሚይዝ የቡና ሲኒ በዘይት ሲሞላ ከ550 ካሎሪ በላይ ነው። ሁለት ሲኒ ዘይት የገባበት ወጥ ለአራት ሰው ሲቀርብ እያንዳንዱ ሰው ከዘይቱ ብቻ 280 ካሎሪ ያህል ይደርሰዋል ማለት ነው፤ እንጀራው፣ ምስሩና ሽንኩርቱ ገና አልተቆጠረም። ዘይቱ ከቆርቆሮው ወይም ከጀሪካኑ በቀጥታ ወደ ድስቱ ሲንቆረቆር ማንም አይለካውም። ደግነቱ የአገሩ የምግብ አሠራር ራሱ መውጫ አለው። ሽንኩርቱ መጀመሪያ ያለ ዘይት፣ ውኃ ጠብ እያደረጉለት እየታመሰ ይበስላል፤ ዘይት የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። በዚህ ጊዜ በማንኪያ ተለክቶ ለአራት ሰው ሦስት ወይም አራት የሾርባ ማንኪያ ቢጨመር ወጡ ጣዕሙን አያጣም፤ በርበሬው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ኮረሪማውና ጥቁር አዝሙዱ ሥራቸውን ይሠራሉ። ፍርፍር፣ ጥብስ፣ ክትፎና ጨጨብሳ ቅቤያቸው ሲቀንስ ለውጡ ቶሎ በሚዛን ላይ ይታያል።

ሁለተኛው ስውር በር ስኳር ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ይመዝናል። በቀን አራት ጊዜ ሻይና ቡና የሚጠጣና በየሲኒው ሦስት ማንኪያ የሚያስጨምር ሰው 48 ግራም ስኳር፣ ማለትም 190 ካሎሪ ያህል ያለ አንዳች ጥጋብ ይወስዳል። የዓለም ጤና ድርጅት በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመር ስኳር ከዕለቱ ኃይል ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ወደ 5 በመቶ እንዲወርድ ይመክራል፤ 2,000 ካሎሪ ለሚያስፈልገው ሰው 10 በመቶው 50 ግራም ነው። 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ብቻውን 30 ግራም ያህል አለው። በጁስ ቤት የሚቀርበው ስፕሪስም ፍሬ ስለሆነ ብቻ አያታልል፤ ማንጎው፣ አቮካዶውና ፓፓያው ላይ ስኳር ሲጨመርበት በአንድ ብርጭቆ የሚጠጣው ተቀምጠው ቢበሉት ከሚጠግቡበት በላይ ነው። ብርቱካኑን ልጦ መብላት ከመጨመቅ ይሻላል። ቢራም እንዲሁ ይቆጠራል፦ አንድ 330 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 140 ካሎሪ ገደማ አለው፣ አብሮት የሚመጣው ጥብስ ደግሞ የራሱ አለው።

ጥጋብ የሚያቆዩት ፕሮቲንና አሰር ናቸው፤ ሁለቱም በአንድነት የሚገኙበት የጥራጥሬ ወገን ለክብደት ቅነሳ በኢትዮጵያ ምድር የተሰጠ ታላቅ ሀብት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ምስር፣ ክክ፣ ሽምብራ፣ ባቄላና አተር ቀስ ብለው ይፈጫሉ፣ የደም ስኳርን በድንገት አያንሩም፣ ዋጋቸውም ከሥጋ ይረክሳል። ለመክሰስ የባቄላ ወይም የሽምብራ አሹቅና ንፍሮ ከብስኩት፣ ከቦንቦሊኖና ከኬክ እጅግ ይመረጣሉ። ቆሎም መልካም ነው፤ ኦቾሎኒ ሲበዛበት ግን በልክ ይያዝ፣ ምክንያቱም 100 ግራም ኦቾሎኒ ከ550 ካሎሪ በላይ አለው። ለቁርስ ያለ ብዙ ቅቤ የተሠራ ቅንጬ፣ የአጃ ገንፎ፣ የተቀቀለ እንቁላል ወይም ስኳር ያልገባበት እርጎ በሻይ ከተነከረ ነጭ ዳቦ ይልቅ እስከ ምሳ ያደርሳሉ።

በፋብሪካ ብዙ ሂደት ያለፉ ምግቦች የተለየ ጥንቃቄ ይሻሉ። ኬቨን ሆል የተባለ ተመራማሪ በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም 20 ሰዎችን አስገብቶ ለሁለት ሳምንት እንዲህ ያሉ የታሸጉ ምግቦች፣ ለሁለት ሳምንት ደግሞ በተፈጥሯቸው ያሉ ምግቦች አቀረበላቸው። የቀረበው ካሎሪ፣ ስኳር፣ ስብና አሰር እኩል ነበር፤ የሚበሉት መጠን ለፈቃዳቸው ተተወ። በ2019 እንደታተመው ውጤት የታሸገውን ሲበሉ በቀን 500 ካሎሪ ያህል አብልጠው በልተው አንድ ኪሎ ገደማ ጨመሩ፤ በሌላኛው ሁለት ሳምንት ያንኑ ያህል ቀነሱ። ቺፕስ፣ ብስኩትና ኢንዶሚ ከጓዳ መደርደሪያ ሲወጡ ብዙ ትግል አብሮ ይወጣል።

አካባቢ ሲለወጥ ገበታ እንዴት እንደሚለወጥ በእስራኤል ያሉ ቤተ እስራኤላውያን ታሪክ ያስረዳል። በ1984 እና 1985 እንዲሁም በ1991 ከኢትዮጵያ በአየር የተጓጓዙት ሰዎች ሲደርሱ ቀጫጮች ነበሩ፣ ስኳር ሕመምም በመካከላቸው ብርቅ ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግን ሕመሙ እየበዛ መምጣቱን የእስራኤል ሐኪሞች መዝግበዋል። የእግር መንገዱ ቀረ፤ የጤፍና የጥራጥሬው ቦታ በነጭ ዳቦ፣ በስኳርና በለስላሳ መጠጥ ተያዘ። በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ይህ አይቀርላቸውም፤ ሌሊት ታክሲ የሚነዳ ወይም በሰው ቤት ውስጥ ስትሠራ የምትውል ሰው የምትበላው ያገኘችውን እንጂ የመረጠችውን አይደለም። ለእነርሱ ከሁሉ የሚጠቅመው በዕረፍት ቀን ምስር ወይም ሽሮ አብዝቶ ሠርቶ፣ ለየቀኑ ከፋፍሎ፣ ፍሪጅ ውስጥ ማቆየት ነው።

ጾምን በተመለከተ ነገሩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን የሚጾሙት በዓመት ወደ 180 ቀናት ይደርሳል፤ ከእነዚህ ውስጥ 55ቱ የዐቢይ ጾም ናቸው። ሙስሊሞችም ረመዷንን ይጾማሉ። ጾም ለነፍስ እንጂ ለሚዛን የተሠራ አይደለም፤ ይሁን እንጂ በዓመቱ ግማሽ ከቅቤና ከሥጋ የራቀ፣ በጥራጥሬና በጎመን የተሞላ ገበታ ለክብደት ቅነሳ የተዘጋጀ መንገድ ነው። ሆኖም ብዙ ሰው በጾም ይወፍራል። ቅቤው በዘይት ይተካል፣ ፓስታውና ዳቦው ይበዛል፣ ሲፈታም ሳምቡሳና ጣፋጭ ይከተላል፤ በፋሲካና በዒድ ደግሞ የወራቱ ሁሉ በሳምንት ይካካሳል። የመመገቢያ ሰዓትን መገደብ በራሱ ተአምር የለውም። በቻይና ጓንግዦ ከተማ 139 ሰዎች የተሳተፉበትና በ2022 የታተመ የአንድ ዓመት ጥናት፣ ካሎሪ ቀንሰው ከጠዋት 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ብቻ የበሉት ሰዎች ያንኑ ካሎሪ በፈለጉት ሰዓት ከበሉት ብዙም የበለጠ እንዳልቀነሱ አሳይቷል። ዓመቱን ሙሉ የእንስሳት ተዋጽኦ ጨርሶ የሚተው ሰው ቫይታሚን ቢ12ን በሌላ መንገድ ማግኘት አለበት፤ ዕፅዋት ውስጥ የለምና።

አመጋገቡ ለሁሉም አይሆንም። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት፣ በማደግ ላይ ያለ ልጅ፣ የኩላሊት ሕመምተኛና አቅሙ የደከመ አረጋዊ ያለ ሐኪም ምክር ምግብ መቀነስ የለባቸውም። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም ግሊቤንክላሚድ የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ምግቡን ሲቀንስ መድኃኒቱ ካልተስተካከለ የደም ስኳሩ በድንገት ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል፤ የደም ግፊት ክኒንም ክብደት ሲወርድ መጠኑ መታየት ይኖርበታል። በኢትዮጵያ በ2022 የወጣው አገር አቀፍ የአመጋገብ መመሪያ ለጤነኛ ሰው በአገር ውስጥ ምግቦች ላይ የተመሠረተ መነሻ ይሰጣል፤ ሕመም ያለበት ሰው ግን ከዚያ ባሻገር ለራሱ የተመጠነ ምክር ያስፈልገዋል።

እንቅስቃሴ ያለ አመጋገብ ብዙ አያከሳም፤ አንድ ሰዓት ተራምዶ የተቃጠለውን በአንድ ጠርሙስ ለስላሳና በአንድ ቦንቦሊኖ መመለስ ይቻላል። የወረደውን ክብደት ይዞ ለማቆየት ግን እጅግ ያስፈልጋል። በአሜሪካ በ1994 የተቋቋመውና ቢያንስ 13.6 ኪሎ ቀንሰው ለአንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ያቆዩ ከ10,000 በላይ ሰዎችን የመዘገበው ጥናት እንደሚያሳየው፣ አብዛኞቹ በቀን አንድ ሰዓት ያህል ይንቀሳቀሳሉ፣ ቁርስ አይዘሉም፣ ራሳቸውንም ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ይመዝናሉ።

ሚዛን ላይ መውጣት በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ ጠዋት፣ ከሽንት በኋላና ከቁርስ በፊት ቢሆን ቁጥሩ ይታመናል። የዕለት ለዕለቱ ግማሽ ወይም አንድ ኪሎ መውጣትና መውረድ የውኃና የጨው ነው። ግብዣና ለቅሶ ቤት ላይ "አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ" ተብሎ የሚቀርበውን ጉርሻ መግፋት ነውር ስለሚመስል፣ የሚያዋጣው ጥቂት ብቻ መብላትና ቀጣዩን ገበታ ማቅለል ነው፤ አንድ የተበላሸ ቀን ሥርዓቱን አያፈርስም።

ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ክብደቱ ቆም ማለቱ የተለመደ ነው። ከ90 ወደ 80 ኪሎ የወረደ ሰው የሚያስፈልገው ኃይል ቀድሞ ከሚያስፈልገው ያነሰ ስለሆነ፣ መጀመሪያ ያከሳው ገበታ አሁን ክብደቱን ብቻ ይጠብቅለታል። በዚህ ጊዜ ዘይቱ እንደገና በማንኪያ ይለካ፤ የተለቀቀ ልማድ ካለ ይታይ፤ የእግር መንገዱ ይጨመር። በትክክል ተይዞ በሦስት ወር 5 በመቶ እንኳ ካልወረደ አመጋገቡን መቀየር ወይም እንደ ታይሮይድ ዕጢ ድካም ያለ ምክንያት እንዳለ መመርመር ተገቢ ነው። በተቃራኒው ምግቡን ሳይቀንስ ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ከክብደቱ ከ5 በመቶ በላይ የወረደ ሰው ደስ ብሎት መቀመጥ የለበትም፤ ሳይፈለግ የሚወርድ ክብደት የስኳር ሕመም፣ የሳንባ ነቀርሳ፣ የታይሮይድ ወይም የካንሰር ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገይ ጤና ጣቢያ ሄዶ መታየት ይኖርበታል።